የልጄ የጨዋታ ሕክምና ይቅደም ወይስ የእኔ? የባለሙያና የወላጆች ምክር እፈልጋለሁ

ጠያቂ፦ የሁለት ልጆች እናት

ጤና ይስጥልኝ። የስድስት ዓመት ሴት ልጅና የአምስት ወር ወንድ ልጅ አለኝ። ታናሹ ከተወለደ ወዲህ የትልቋ ልጄ ጠባይ ተለውጧል። ትታው የቆየችውን አልጋ ላይ የመሽናት ነገር እንደገና ጀምራለች፣ ትምህርት ቤት ካልተጠየቀች በቀር አትናገርም፣ ቤት ስትሆን ደግሞ በትንሽ በትልቁ ታለቅሳለች፣ ስትጨነቅም ፀጉሯን ትነጫለች። የትምህርት ቤቷ አማካሪ አስጠርታኝ ልጅቷን የጨዋታ ሕክምና ወደሚሰጥ ባለሙያ እንድወስዳት መከረችኝ። ንግግራችንን ጨርሰን ልነሳ ስል «እርስዎስ እንዴት ነዎት?» ብላ ጠየቀችኝ፤ መልስ ከመስጠቴ በፊት እንባዬ ቀደመኝ። እርሷም ለራሴ ጭምር የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዳማክር ነገረችኝ።

እውነቱን ለመናገር ደህና አይደለሁም። ሕፃኑ ተኝቶልኝም እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ቀድሞ ደስ ይለኝ የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕሙ ጠፍቶብኛል፤ ልጆቼን አበላለሁ፣ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ነገር ግን ልቤ አብሮኝ የለም። ሰሞኑን ልጄ አሻንጉሊቶቿን ስትደረድር በር ላይ ቆሜ አየኋት። «እናት» ያለቻትን አሻንጉሊት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አስተኛቻት፣ በጨርቅ ሸፈነቻት፣ ከዚያም ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ሌሎቹን «ዝም በሉ፣ እማዬ ደክሟታል» አለቻቸው። ያንን ካየሁ ወዲህ በልጄ ላይ የደረሰው ሁሉ በእኔ ምክንያት እንደሆነ እየተሰማኝ ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ልጅ በባለሙያ ፊት መጫወቷ በእርግጥ ሕክምና ሊባል ይችላልን? ቤት ውስጥ ከምትጫወተውስ በምን ይለያል? ከዚህ የበለጠ የሚያስጨንቀኝ ግን ገንዘባችንም ሆነ ጊዜያችን ሁለት ሕክምና በአንድ ላይ ለማስኬድ የሚበቃ አለመሆኑ ነው። ባለቤቴም እኔም ልጅቷ ትቅደም፣ እኔ ልቆይ ወደሚለው አዘንብለናል። አማካሪዋ ያለችኝ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ወይም ሙያው ያላችሁ ብትመክሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።


መልስ፦ የሕፃናት የጨዋታ ሕክምና ባለሙያ

ውድ እህቴ፣ ጥያቄዎ ሁለት ቢመስልም እኔ የማየው እንደ አንድ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ላስታውስዎ። አልጋ ላይ መሽናቷን ከስሜት ጋር ብቻ ከማያያዝዎ በፊት ልጅቷን የሕፃናት ሐኪም ይያት። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት፣ አልፎ አልፎም የስኳር ሕመም እንዲህ ያለ ነገር ያመጣሉ፤ ሐኪሙ በቀላል ምርመራ ሊለያቸው ይችላል።

ጨዋታ እንዴት ሕክምና ይሆናል ለሚለው፣ የስድስት ዓመት ልጅ «ወንድሜ ከመጣ ወዲህ ቦታዬን ያጣሁ ይመስለኛል፤ እናቴም አንድ ነገር እንዳትሆንብኝ እፈራለሁ» ብላ ልትነግርዎ አትችልም። ስሜቱ አላት፤ ስሜቱን የምትገልጽበት ቃል ግን ገና የላትም። አዋቂ ሰው ያስጨነቀውን ደጋግሞ በማውራት ሲያቀለው፣ ልጅ ደጋግሞ በመጫወት ያቀለዋል። ይህን አና ፍሮይድና ሜላኒ ክላይን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ተረድተው ጨዋታን ለሕፃናት የሥነ ልቦና ሕክምና ይጠቀሙበት ነበር። ዛሬ ብዙዎቻችን የምንከተለውን መንገድ ይበልጥ የቀረጸችው ግን አሜሪካዊቷ ቨርጂኒያ አክስሊን ናት። ሰውን ማዕከል ያደረገውን የሥነ ልቦና ሊቁን የካርል ሮጀርስን አስተሳሰብ ወደ ልጆች አምጥታ እ.ኤ.አ. በ1947 ባስቀመጠቻቸው 8 መርሆዎች መሠረት ባለሙያው ከልጁ ጋር ሞቅ ያለ ግንኙነት ይፈጥራል፣ ልጁን እንዳለ ይቀበለዋል፣ ስሜቱን እያስተዋለ መልሶ ይነግረዋል፣ አይመራውም፣ አያጣድፈውም፤ ገደብ የሚያስቀምጠውም የግድ በሆነበት ቦታ ብቻ ነው።

የክፍሉ መጫወቻዎች በዘፈቀደ የተሰበሰቡ አይደሉም። የቤተሰብ አሻንጉሊቶችና ትንሽ ቤት፣ የሐኪም መሣሪያዎች፣ ለማዳና አስፈሪ እንስሳት፣ አሸዋ፣ ጭቃ፣ ከለር፣ ቁጣ የሚወጣበት ነገርም ይኖራል፤ ቁልፍ ሲጫኑት በራሱ የሚዘፍን ወይም የሚሮጥ መጫወቻ ግን ልጁን ተመልካች ስለሚያደርገው አይመረጥም። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ከ30 እስከ 50 ደቂቃ ይሆናል፤ ቀኑም ሰዓቱም የዕቃው አቀማመጥም አይቀያየርም። ዓለሙ የተናወጠበት ልጅ ቢያንስ አንድ የማይለወጥ ቦታ እንዲያገኝ ነው።

ከቤት ጨዋታ የሚለየው በዋናነት አብሮ ባለው ሰው ነው። አንድ ልጅ አሸዋ ውስጥ ትንሽ አሻንጉሊት ቀብሮ ላዩን በመዳፉ ደጋግሞ ቢደለድል፣ ባለሙያው «ማን ነው እሱ? ለምን ቀበርከው?» አይለውም፤ «ጎበዝ» ብሎም አያወድሰውም። «ማንም እንዳያገኘው አድርገህ ደበቅከው» ይለዋል። ልጁ ቀና ብሎ ያየውና ጨዋታውን ይቀጥላል፤ እንደታየ አውቋል፣ ማንም ግን አልፈረደበትም። በሌላ ቀን ያንኑ አሻንጉሊት አውጥቶ አሸዋውን አራግፎ ከሌሎቹ አጠገብ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ እንዲያወጣው የነገረው የለም። ተናዶ አሸዋውን ሰው ላይ ሊበትን ሲነሳ ደግሞ «ተናደሃል፤ አሸዋ ግን ሰው ላይ አይበተንም፤ ሳጥኑ ውስጥ መበተን ትችላለህ» ይባላል። ስሜቱ ተቀባይነት አገኘ፣ ድርጊቱ ተገታ፣ ሌላ መውጫ ተሰጠው።

ማስረጃውን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመና 93 ጥናቶችን በአንድ ላይ የመረመረ ሥራ የጨዋታ ሕክምና ያገኙ ልጆች ካላገኙት ጋር ሲነጻጸሩ ጉልህ መሻሻል እንዳሳዩ አግኝቷል። ከጥናቶቹ ብዙዎቹ በጥቂት ልጆች ላይ የተሠሩ ስለሆኑ ውጤቱን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። ለእርስዎ ጥያቄ ግን ከሁሉም የሚበልጠው የሥራው ሌላ ግኝት ነው፤ ወላጆች ራሳቸው ሠልጥነው ከልጃቸው ጋር ሲጫወቱ የተገኘው ውጤት ባለሙያ ብቻውን ከሠራው የላቀ ነበር። በርናርድና ሉዊዝ ገርኒ የተባሉ ባልና ሚስት ባለሙያዎች ይህንን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጀምረውታል፤ በኋላም ጋሪ ላንድሬት የተባለ ባለሙያ 10 ሳምንት ወደሚፈጅ ሥልጠና አሳጥሮታል። ወላጁ በባለሙያ እየታገዘ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ30 ደቂቃ ከአንድ ልጁ ጋር ብቻ፣ በተመረጡ መጫወቻዎች፣ ልጁ እየመራ ይጫወታል። ወጪው ከረዥም የግል ሕክምና ያንሳል።

ጥያቄዎ አንድ ነው ያልኩት ለዚህ ነው። የልጅዎ ሕክምና ከሁሉ በላይ የሚፈልገው በእነዚያ 30 ደቂቃዎች ልቧ አብሯት ያለ እናት ነው። አሁን ደግሞ ልብዎ አብሮዎት እንደሌለ እርስዎ ራስዎ ነግረውናል። ሥልጠናውን ዛሬውኑ ይጀምሩ አልልዎትም፤ እንቅልፍ ባጣና በደከመ ሰው ላይ አንድ ተጨማሪ ግዴታ መጫን ይሆናል። መጀመሪያ እርስዎ ይታከሙ፤ ትንሽ ሲያገግሙ ሥልጠናው ይከተላል።

የአሻንጉሊቷን ነገር የክስ ወረቀት አድርገው አይቁጠሩት። ልጆች ያዩትን የሚጫወቱት ሊከሱን ሳይሆን ነገሩን በእጃቸው አድርገው ሊረዱት ነው። ልጅዎ ሌሎቹን አሻንጉሊቶች ዝም ስታሰኝ እናቷን እየተንከባከበች ነበር። ሲያዩዋት «እኔ ነኝ እንዴ?» ብለው አይጠይቋት። አጠገቧ ቁጭ ብለው «እናትየዋ ደክሟታል፤ ሌሎቹም እንዳይረብሿት ጠበቅሻት» ማለት ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ እርሷ ወዴት እንደምትወስደው ይጠብቁ።


መልስ፦ በእናቶች የአእምሮ ጤና ላይ የምሠራ ነርስ

ከላይ በተጻፈው ላይ በእናቲቱ በኩል ያለውን ልጨምር። «እኔ ልቆይ» የሚለውን ቃል ከእናቶች አፍ ዘወትር እሰማዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥርም ያሳዝነኛል፤ እናት ለራሷ የምታገኘውን ሕክምና ከልጇ ላይ እንደተቀነሰ ነገር ያስቆጥረዋልና።

በወለዱ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መባስና ያለ ምክንያት ማልቀስ ብዙ እናቶችን ይነካል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም ያልፋል። እርስዎ የገለጹት ግን ወራት ያለፉት፣ እንቅልፍ የነሳ፣ ደስታን ያጠፋና ራስን እስከመውቀስ ያደረሰ ስሜት ነው፤ ይህ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ደረጃ ከወለዱ እናቶች 13 በመቶ ያህሉ፣ ከነፍሰ ጡሮች ደግሞ 10 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጤና መታወክ ያጋጥማቸዋል፤ ከዚህም ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ድባቴ ነው። ከዚህ ቀደም ድባቴ የነበረባት፣ አጋዥ ያጣች፣ በቤቷ ጥቃት የሚደርስባት ወይም ኑሮ የከበዳት እናት ይበልጥ ትጋለጣለች። ከፍቅር ማነስ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ይህን ስጽፍ ለማጽናናት ያህል አይደለም።

ወደ ጤና ባለሙያ ሲሄዱ የኤድንበርግ መጠይቅ የሚባለውን ሊያስሞሉዎት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ሲሆን ያለፉትን 7 ቀናት የሚመለከቱ 10 ጥያቄዎች አሉት፤ ድምሩ ከ0 እስከ 30 ነው። 13 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ድባቴ የመኖሩ ዕድል ከፍተኛ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ብዙ ቦታ ከ10 ጀምሮም ተጨማሪ ምርመራ ይደረጋል። መጠይቁ ማጣሪያ ብቻ ስለሆነ ሕመሙን የሚወስነው ባለሙያ በሚያደርገው ቃለ መጠይቅ ነው። የመጨረሻዋ ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ የምትጠይቅ ስለሆነች ድምሩ ትንሽ ቢሆንም ለብቻዋ ትታያለች፤ እባክዎ እርሷን በእውነት ይመልሱ። የደም ማነስና የታይሮይድ ዕጢ መዛባትም ከወሊድ በኋላ ድካምና ድብርት ስለሚያመጡ የደም ምርመራ እንዲያዝልዎት ሐኪሙን ይጠይቁ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልብ ልግባ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ለድባቴ መድኃኒት የጀመሩ እናቶችንና ከ7 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆቻቸውን፣ በድምሩ 151 ጥንዶችን፣ ተከታትሏል። ከሦስት ወር በኋላ እናቶቻቸው ያገገሙላቸው ልጆች ዘንድ የአእምሮ ጤና ችግር ያለባቸው ልጆች ድርሻ በ11 በመቶ ነጥብ ቀንሶ ተገኘ፤ እናቶቻቸው ካላገገሙት ዘንድ ግን በ8 በመቶ ነጥብ ጨመረ። ለእነዚያ ልጆች በጥናቱ የተሰጠ ሕክምና አልነበረም፤ የታከሙት እናቶቹ ናቸው። ጥናቱ ብቻውን መንስኤና ውጤቱን አረጋግጧል ለማለት አይቻልም፤ ልጆቹ ከእርስዎ ልጅም ይተልቃሉ፤ በሥራዬ ከማየው ጋር ግን ይስማማል። ስለዚህ የእርስዎ ሕክምና የልጅዎ ሕክምና አንድ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ፤ አቅማችሁ በእርግጥ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነም ከእርስዎ እንዲጀመር እመክራለሁ።

ስለ ወጪው ደግሞ፣ የእናት ሕክምና ሁልጊዜ ውድ ሐኪም ዘንድ መመላለስ አይደለም። በፓኪስታን ገጠር በአቲፍ ራህማን መሪነት በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት፣ የአእምሮ ሐኪሞች ያልሆኑ የአካባቢ ጤና ሠራተኞች ሠልጥነው ቤት ለቤት እየሄዱ 16 ጊዜ ምክር ሰጡ። በእርግዝናቸው ጊዜ ድባቴ ከነበረባቸው 903 እናቶች መካከል ሥልጠናውን ባገኙ ሠራተኞች የተጎበኙት ሕፃኑ 6 ወር ሲሞላው ድባቴ ያለባቸው 23 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ያለ ሥልጠናው የተጎበኙት ዘንድ 53 በመቶ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ ዘዴ በመመሪያ መልክ እ.ኤ.አ. በ2015 አውጥቶታል። ስለዚህ ሕፃኑን የሚያስከትቡበት ጤና ተቋም ውስጥ የምክር አገልግሎት ወይም የእናቶች ቡድን መኖሩን ይጠይቁ፤ በቡድን የሚሰጥ ድጋፍ ወጪው አነስተኛ ነው።

ጥፋተኝነት ስለሚሰማዎት ይህንንም ልንገርዎ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ትሮኒክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባደረገው ዝነኛ ሙከራ፣ ከሕፃኗ ጋር ስትጫወት የነበረች እናት ለጥቂት ደቂቃ ፊቷን ድርቅ አድርጋ ምላሽ እንድትነፍግ ይደረጋል። ሕፃኑ ፈገግ ይላል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ይንጫጫል፤ መልስ ሲያጣ ፊቱን ያዞራል። ብዙዎች ከሙከራው የሚያስታውሱት ይህንን ብቻ ነው። እናቲቱ ወደ ቀድሞ ፊቷ ስትመለስ ግን ሕፃኑም፣ እያኮረፈም ቢሆን፣ ወደ እርሷ ይመለሳል። ደህና በሚባል የእናትና የልጅ ግንኙነት ውስጥም መተላለፍ በየዕለቱ አለ፤ ልጅን የሚያጠነክረው ከተላለፉ በኋላ መገናኘቱ ነው።

ለማንኛዋም አንባቢ የምለው፣ ራስን ወይም ሕፃኑን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ፣ የሌለ ድምፅ መስማት፣ በሕፃኑ ላይ እንግዳ እምነት ማሳደር ወይም ያለ እንቅልፍ ውሎ አድሮ ምንም ድካም አለመሰማት ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።


መልስ፦ በዚህ መንገድ ያለፍኩ እናት

እህቴ፣ ባለሙያዎቹ ከጻፉት ላይ የምጨምረው ከወላጅ ወገን የሚሰማውን ብቻ ነው። ልጄ የጨዋታ ሕክምና ሲጀምር በየሳምንቱ ምን እንዳደረገ የሚገልጽ ዘገባ እጠብቅ ነበር። ባለሙያዋ ግን «ልጁ እዚህ የሚያደርገው የእርሱ ነው፤ እኔ የምነግርዎት በጥቅሉ እንዴት እንደሆነና እርስዎ ቤት ውስጥ ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ ነው፤ ደኅንነቱን የሚነካ ነገር ካለ ግን ወዲያው እነግርዎታለሁ» አለችኝ። መጀመሪያ ከበደኝ፤ በኋላ ልጄ የሚታመንበት ቦታ እንዲኖረው ይህ እንደሚያስፈልግ ገባኝ። በሩ ተዘግቶ የልጄን ሳቅ ከውስጥ ስሰማ ቅናት ቢጤም ተሰምቶኝ ነበር። እርስዎም ቢሰማዎት አይደንግጡ፤ ለባለሙያዋ በግልጽ ይንገሯት፤ እኔ ስነግራት አልገረማትም።

ሌላው፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የልጄ ጠባይ ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። አፍኖት የቆየው ቁጣ ቤት ውስጥ መውጣት ጀመረ። ባለሙያዋ ይህ ሊያጋጥም እንደሚችል አስቀድማ ባትነግረን ኖሮ አቋርጠን እንወጣ ነበር።

ባለቤትዎም ይህን ስለሚያነቡት ለእርሳቸው የምለው አለኝ። እናቲቱ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ሕፃኑን ማን ይይዛል? ማታ ተነሥቶ የሚያባብለው ማን ነው? እኔን ከመድኃኒቱና ከምክሩ ባልተናነሰ የረዳኝ ባለቤቴ የሌሊቱን ግማሽ መረከቡና ለሦስት ሰዓት እንኳ ሳልቋረጥ መተኛቴ ነው። ትልቋን ልጅም ብቻዋን ይዘው የሚወጡበት ሰዓት ቢመድቡላት የጠፋባትን ቦታ በከፊል ይመልስላታል።


መልስ፦ የመጀመሪያ ደረጃ መምህር

የተጻፈውን በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ ሆኖም አንድ ጥንቃቄ መነገር ያለበት ይመስለኛል። ታናሽ ሲወለድ ትልቁ ልጅ ወደ ኋላ መመለሱ፣ አልጋ ላይ መሽናቱ ወይም እንደ ሕፃን መናገሩ በየዓመቱ በክፍሌ የማየው ነገር ነው፤ አብዛኞቹም ያለ ሕክምና፣ ወላጅና መምህር ስለታገሡላቸው ብቻ ይመለሳሉ። ሁሉንም ወደ ባለሙያ ከላክን ልጆች ሐዘናቸውን ሁሉ እንደ በሽታ እንዲያዩት እናደርጋለን። በዚያ ላይ መጫወቻ ያለው ክፍል ከፍቶ «የጨዋታ ሕክምና እሰጣለሁ» የሚል ሁሉ ሠልጥኗል ማለት አይደለም።


መልስ፦ የሕፃናት የጨዋታ ሕክምና ባለሙያ

መምህር፣ ያነሡት ትክክል ነው፤ ለብዙ ልጆች ትዕግሥትና ጊዜ ይበቃል። ይችን ልጅ የሚለያት ለውጡ በቤትም በትምህርት ቤትም መታየቱ፣ ወራት መቆየቱ፣ ፀጉር መንጨትና ዝምታ የተጨመሩበት መሆኑ ነው። እንዲህ ሲሆን ቢያንስ አንድ ጊዜ መታየት አለባት እላለሁ፤ ታይታ «መጠበቅ ይበቃል» ቢባልም መልካም ነው።

ባለሙያን ስለመምረጥ፣ ወላጅ ሳያፍር መጠየቅ አለበት። መነሻ ትምህርትዎ ምንድን ነው? በጨዋታ ሕክምና ምን ሥልጠና ወስደዋል? ሥራዎን የሚከታተል ልምድ ያለው ባለሙያ አለዎት? ወላጅን በምን መልኩ ያሳትፋሉ? ለእነዚህ በግልጽ የማይመልስ ወይም «በሦስት ቀጠሮ እፈውሳታለሁ» የሚል ሰው ዘንድ ልጅዎን አይተዉ።


ጠያቂ፦ የሁለት ልጆች እናት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን አነበብነው። የእኔን ቀጠሮ እርሱ ራሱ ደውሎ አስይዞልኛል፤ ለልጅቷም ለጊዜው አንድ የግምገማ ቀጠሮ ብቻ ልንይዝ ተስማምተናል። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ሕፃኑን አሁንም አጠባለሁ፤ መድኃኒት ቢታዘዝልኝ ጡት ማጥባቴን ማቆም ይኖርብኛል? ልጄ እኔ ሐኪም ዘንድ እንደምሄድ ማወቋ አይቀርም፤ የራሷን ቀጠሮስ ምን ብዬ ልንገራት?


መልስ፦ በእናቶች የአእምሮ ጤና ላይ የምሠራ ነርስ

እንኳን ቀጠሮው ተያዘ። ድባቴው ቀላል ወይም መካከለኛ ከሆነ ብዙ ጊዜ በንግግር ሕክምና ስለሚጀመር መድኃኒት ላያስፈልግዎት ይችላል። ካስፈለገም ጡት ማጥባትና መድኃኒት የግድ አይጣሉም፤ ለምሳሌ ሰርትራሊን ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው መጠን በጣም አነስተኛ ስለሆነ ለሚያጠቡ እናቶች ብዙ ጊዜ የሚመረጠው እርሱ ነው። ምርጫው የሐኪምዎ ነው፤ ሕፃኑ ያለጊዜው የተወለደ ወይም ሕመም ያለበት ከሆነ፣ ሌላ መድኃኒትም የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩት። መድኃኒቱ ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል፤ ተሻለኝ ብለው ደግሞ በራስዎ በድንገት አያቋርጡት፤ የሚቆመው በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው። ለቀጠሮው የእንቅልፍዎን ሁኔታና በቤተሰብዎ ውስጥ ተመሳሳይ ሕመም የነበረበት ሰው ካለ በወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ ሐኪም ፊት ሲቀመጡ ብዙ ነገር ይረሳል።


መልስ፦ የሕፃናት የጨዋታ ሕክምና ባለሙያ

ለልጅዎ እውነቱን በዕድሜዋ ልክ ይንገሯት። «እማዬ ሰሞኑን በጣም ትደክማለች፣ ታዝናለችም። አንቺ ያደረግሽው ነገር አይደለም፤ አንቺ እንድታድኚኝም አይጠበቅብሽም። የሚረዳኝ ሐኪም አለ፤ እርሱ ጋር እሄዳለሁ» ይበሏት። መሃል ያለችውን ዓረፍተ ነገር አይዝለሏት፤ ልጆች ምክንያት ሳይነገራቸው ሲቀር ምክንያቱ ራሳቸው እንደሆኑ ያስባሉ። በአንድ ቀን ተነግሮ የሚያልቅ ነገርም አይደለም፤ ደግማ ስትጠይቅ በዚያው ቃል ይመልሱላት።

ስለ ራሷ ቀጠሮ ደግሞ «ጠባይሽን የሚያስተካክሉልሽ ቦታ» ወይም «ከተናገርሽ እገዛልሻለሁ» የሚል ነገር አይነሣ። «ልጆች ሲጨነቁ የሚጫወቱበት ክፍል አለ፤ እዚያ አብራሽ የምትሆን ሴት አለች፤ መናገርም ዝም ማለትም ትችያለሽ፤ እኔ ውጭ ሆኜ እጠብቅሻለሁ» ካሏት በቂ ነው። ከዚያ እንደተናገሩት በትክክል ውጭ ይጠብቋት፤ ለመልእክት እንኳ ከበሩ አይራቁ። አሸዋና ቀለም ቢነካው የማይቆጩበትን ልብስ ያልብሷት።

ስትወጣ «ምን ሠራሽ? ምን አለችሽ?» ብለው አይጠይቋት። የሣለችውን ይዛ ብትወጣ ይቀበሏት፤ ስለ ሥዕሉ የሚሉት ካጡም «ሰማያዊ ቀለም ብዙ ተጠቅመሻል» ዓይነት ያዩትን ብቻ ይበሉ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት አልሄድም ብላ ብታለቅስ ከመቅረታችሁ በፊት ለባለሙያዋ ይደውሉላት፤ አብዛኛውን ጊዜ ልጅቷ በሩ ድረስ ከመጣች ቀጣዩን ባለሙያዋ ትይዘዋለች።